ሦስት ለሁለት

«ሥዕሉ መች ተመረጠና? የተመረጠችው ልጅቷ ናት እንጂ!»

ይህን ያለው ጋሽ ጌራሲም ነበር። ቢሊያና የሰማችው ከስሱ ግድግዳ ወዲህ ሆና የሚቀጥለውን ሳምንት የመጽሔት ሽፋን ስታስተካክል ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ተከተለ። የአንድ ሰው ሳቅ አልነበረም። ሁልጊዜ ጠዋት «እንዴት አደርሽ» የሚሏት ሰዎች ሳቅ ነበር።

«እስቲ አስቡት» አለ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት፤ «ዳኛዋ እናት፣ ዳኛው ልጇ፣ ተወዳዳሪዋ ደግሞ የልጇ ወዳጅ። ታዲያ እኔ ምን ቤት ነኝ? እርሳሴን ይዤ እዚያ መሄዴ ራሱ ቂልነት ነው።»

አጠገቧ ተቀምጣ ጽሑፍ የምታርመው ፔንካ እጇን ሰዳ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገች።

«አትስሚው። ተሸንፎ ነው። የተሸነፈ ሰው ምላሱ ይረዝማል።»

«እሱን አይደለም የምሰማው» አለች ቢሊያና።

እውነቷን ነበር። ጌራሲም ያለውን ነገር ከእሱ ቀድማ ለራሷ ብላዋለች። ከሰው አፍ ሲወጣ ግን ልክ ሌላው ሁሉ ልቧን ገልጦ ያነበባት መሰላት፤ አፈረች።

በእኛ በፕሎቭዲቭ ከተማ የቢሊያና ጉንቼቫን እጅ ያላየ ሰው የለም፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የእርጎው ኩባያ ላይ ያለችው አንገቷን የጠመዘዘች ጎሽ የእሷ ናት። በአሮጌው ገበያ በኩል ያለው መድኃኒት ቤት በር ላይ ያለው ቅጠል የእሷ ነው። ወደ ተራራው የሚወጡት አውቶቡሶች ጎን ላይ እንደ መንገድ የሚጠማዘዘውም መስመር የእሷ ነው። ሠዓሊ ከሥዕሉ ግርጌ ይፈርማል፤ ደራሲ መጽሐፉ ላይ ስሙ ይወጣል። አርማ የሚሠራ ሰው ግን የሌላውን ስም አሳምሮ ራሱ ዘወር ይላል። ይህ አስቆጭቷት አያውቅም። የሚያስቆጨው አባቷን ነበር። አባቷ በትምባሆ መጋዘን ጭነት የሚያነሳ መኪና የሚነዳ፣ በትራኪያ ሰፈር ብሎኬት ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ነው። ሱቅ ተሰልፎ እርጎ በገዛ ቁጥር ኩባያውን ለማያውቀው ሰው ያሳያል። «ይቺን ጎሽ ልጄ ናት የሳለቻት» ይላል። ሚስቱ እጅጌውን ብትጎትተውም አይተውም።

«ቴፔ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ውስጥ የገባችው ፎቶ ቆርጣ ለመለጠፍ ነበር። የከተማችን ሰው ኮረብታዎቹን ቴፔ ይላቸዋል፤ መጽሔቱም ስሙን ከእነሱ ወሰደ። ገጾቹ ግን ያኔ እንደ ገበያ ቀን የታጨቁ ነበሩ። ቢሊያና ከፎቶው ዙሪያ ባዶ ቦታ ስትተው ዋና አዘጋጁ ስታኔቭ ይጮህ ነበር። «ልጄ፣ አንባቢ ወረቀት አይደለም የሚገዛው! ሙይው!» እሷም ዝም ብላ ትሰማዋለች፤ ከዚያ ባዶውን ባዶ አድርጋ ትልከዋለች። ቆይቶ አንባቢዎች «መጽሔታችሁ ዐይናችንን አሳረፈልን» ብለው ሲጽፉ ስታኔቭ ሐሳቡ የእሱ እንደነበረ ማውራት ጀመረ። ያን ጊዜ የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ አደረጋት።

ካሎያን ቦያጂየቭ ወደዚህ ክፍል የገባው ተቆጥቶ ነበር። ቤተሰቡ ብሬስቶቪጻ መንደር ወይን ጠጅ ይጠምቃሉ፤ መሬታቸው ተወርሶ ቆይቶ የተመለሰላቸው፣ በአሮጌው ከተማ ቀለም የተቀባ ሰገነት ያለው ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

«የቤተሰቤ ስም ማስታወቂያው ላይ አይታይም!» አላት ገጹን እያውለበለበ። «ጉንዳን ናት የጻፈችው?»

ቢሊያና ከወረቀቷ ቀና አለች።

«ስሙ ትልቅ ከሆነ መጮህ ምን አስፈለገው?»

ቆሞ አያት። እሷም ዐይኗን አልሰበረችም። በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ጉዳይ መጣ፤ በሚቀጥለውም። ፔንካ «እኚህ ሰውዬ ማስታወቂያ አልቆባቸዋል፣ አሁን የሚያስተዋውቁት ራሳቸውን ነው» ብላ ሳቀች።

ፍቅራቸው ግን ከቤት ውጭ ያደገ ፍቅር ነበር። የጀልባ ቀዘፋ በሚደረግበት ሐይቅ ዳር፣ በትራኪያ ሰፈር ሻይ ቤቶች፣ እናቱ የማትረግጥበት ቦታ ሁሉ ተገናኙ። «እማዬን ቀስ ብዬ ላዘጋጃት» ይላታል። መጀመሪያ ታገሠች። ከጊዜ በኋላ ግን፦

«ካሎያን፣ እኔና አንተ የያዝነው ፍቅር ነው ወይስ ኮንትሮባንድ?» አለችው።

ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። ቤቷ ገብታ ብቻዋን ስትሆን ግን ሳቁ አልነበረም፤ ጥያቄው ብቻ ቀርቶ ነበር።

* * *

የቦያጂየቭ ቤተሰብ ለወይን ጠጁ አዲስ አርማ ለማሠራት ውድድር ሲያወጣ፣ ማስታወቂያው የወጣው በ«ቴፔ» ላይ ነበር። ሥራው በቁጥር ይገባል፤ ስም በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። ዳኞቹ አምስት ነበሩ፤ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ኤቭዶኪያ፣ ልጃቸው ካሎያን፣ የጥመቃው ባለሙያ፣ ከሶፊያ የተጋበዙ ሁለት ሰዎች።

«እወዳደራለሁ» አለችው ቢሊያና። «የትኛው የእኔ እንደሆነ አልነግርህም። አንተም አትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅሽም።»

ሌሎቹ የወይን ዘለላ ሳሉ። እሷ ግን የተከረከመ የወይን ግንድ ሳለች። ግንዱ ጎንበስ ብሎ የቤተሰቡን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይሠራል፤ መቀስ ካረፈበት ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ወይን ሲከረከም ያለቅሳል ይባላል በእኛ አገር። ያቺን ጠብታ ለማሳረፍ ብዙ ወረቀት ቀድዳለች፤ ትንሽ ከተለቀች ደም ትመስላለች፣ ካነሰች የቀለም ስህተት።

ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ አሸነፈች።

አባቷ በደስታ የፎቁን ጎረቤት ሁሉ ራኪያ የሚባለውን አረቄ አጠጣ። ካሎያን በስልክ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት፤ ድምፁ ግን ሩቅ ነበር፤ የሌላ ሰው ደስታ የሚያወራ ይመስል ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ሁለቱን ሐይቁ ዳር አይቷቸው ኖሮ ወሬው ጌራሲም ጆሮ ደረሰ። ጌራሲም በድሮው መንግሥት ዘመን የግማሽ አገሩን ፋብሪካ አርማ የሠራ ሰው ነው። እነዚያ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ አርማዎቹ ከበሮቻቸው ላይ ዝገው ቀሩ። ይህ ውድድር የመጨረሻው ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሲሸነፍ ምክንያት ያስፈልገው ነበር፤ አገኘ።

በዚያው ሰሞን ቢሊያና ካሎያንን ጠየቀችው። ሐይቁ ዳር ነበሩ፤ ልጆች ዳቦ እየቆረሱ ለዳክዬ ይወረውራሉ።

«ንገረኝ። ሥራዬን አውቀኸው ነበር?»

ካሎያን ዐይኑን ወደ ዳክዬዎቹ አዞረ።

«አላወቅሁትም።»

«እኔን እያየህ በለው።»

«ቢሊያና፣ አሸንፈሻል። ለምን ታመሰቃቅይዋለሽ?»

ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር። ሲዋሽ የሚቀሉት ጆሮዎቹ ናቸው፤ ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እጁን ዘርግቶ ጣቶቿን ሲይዝ አልነጠቀችውም፤ ግን የያዘው እጅ የእሷ አልመስል አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር መልኩ ተለወጠ። ያመሰገናት ሰው ሁሉ የሚሸነግላት፣ ዝም ያለ ሁሉ የሚያማት መሰላት። የድሮ ሥራዎቿን አውጥታ አየቻቸው። «ይህንስ ለምን መረጡልኝ? ይህኛውን ያሠራኝ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነበር?» እያለች የኖረችበትን ዘመን ሁሉ ወደ ኋላ ጠረጠረችው። የአውቶቡሱ ድርጅት ሊሰጣት የነበረውን አዲስ ሥራ «ለጊዜው ይቆይ» አለ። ስታኔቭ ቢሮው ጠራት።

«እኔ አምንሻለሁ» አላት፤ በሩን ዘግቶ። «ግን ስምሽ በየቡና ቤቱ ሲዞር የመጽሔቱም ስም አብሮ ይዞራል። ለጥቂት ጊዜ ሽፋኑን ሌላ ሰው ይሥራው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪረሳ።»

«የሴት ስም ሲሆን አይረሳም ጋሼ። እርስዎም ያውቁታል።»

ይህን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው የአንዱን ቅዳሜ ነገር ነው። ከአባቷ ጋር ሱቅ ገቡ። አባቷ እርጎውን አነሳ፤ ከኋላው አንዲት ሴት ቆማ ነበር። አባቷ ኩባያውን አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ጎሿን ወደ ታች ደፍቶ ቦርሳው ውስጥ ከተታት።

«መጋዘኑ ውስጥ ምን አሉህ አባዬ?» አለችው ደጅ ሲወጡ።

«ምንም። ሰው ይቀልዳል።»

«ምን ብለው ቀለዱ?»

«ቀልድ ነው አልኩሽ!» ብሎ ጮኸ። በሕይወቱ ጮኾባት አያውቅም ነበር። ሁለቱም ደነገጡ፤ ቤት እስኪደርሱ ሳይተያዩ ሄዱ። ቢሊያና ያን ዕለት ካሎያንን መውደዷን አልተወችም፤ የተወችው እሱን መጠበቅ ነው።

* * *

የቅዱስ ትሪፎን ቀን በየካቲት ብርድ ውስጥ ይውላል። ወይን የሚተክል ሰው ሁሉ በዚያ ቀን መቀሱን ይዞ ማሳው ይወጣል፤ ግንዱን ከርክሞ ቁስሉ ላይ ወይን ጠጅ ያፈስበታል። የቦያጂየቭ ቤተሰብ አዲሱን ጠርሙስ ለእንግዶች የሚያሳየው በዚሁ በዓል ነበር። ቢሊያና ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ብሬስቶቪጻ ወረደች። ለማንም አልነገረችም። ልቧ ውስጥ ያዘጋጀችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «አርማዬን መልሱልኝ።»

ወይዘሮ ኤቭዶኪያን ያገኘቻቸው ወይን በሚቀመስበት ክፍል ውስጥ ነው። የበግ ቆዳ ካፖርት ደርበው፣ የጭቃ ቦቲ ተጫምተው ለእንግዶች የሚሆነውን ክብ ዳቦ በጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። ከጀርባቸው ጠርሙሶቹ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ያቺ ጠብታ አለች።

«አርማሽን ልትወስጂ ነው የመጣሽው» አሉ ሳይዞሩ።

ቢሊያና ክው አለች። «እንዴት አወቁ?»

«በበዓል ቀን እንዲህ ጥርሱን ነክሶ የሚመጣ እንግዳ አይቼ አላውቅም። ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። አመሰግናለሁ።»

«እንግዲያው ቁሚ።» ዞረው አዩዋት፤ ከእግሯ እስከ ራሷ። «ልጄ ከአንቺ ጋር መሆኑን የሰማሁት ከሐሜት ነው፤ እንደ ማንም ሰው። ደስ አላለኝም። አልዋሽሽም፤ ለእሱ ሌላ ሴት አስቤ ነበር።»

«እሱ ይገባኛል፤ እኔ የመጣሁት...»

«አልጨረስኩም። ስለ ልጄ የማስበው ሌላ፣ ስለ ወይኔ የማስበው ሌላ። ጠረጴዛው ላይ ሰልችቶኝ እስኪያመኝ ድረስ ዘለላ አየሁ። ወፍራም ዘለላ፣ ቀጭን ዘለላ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ወይን ጠጅ በዘለላ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ማሳ ወርዶ አያውቅም። ወይን ጠጅ የሚሠራው በመቀስ ነው። ማንም ይሳለው፣ ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ለእሱ ሰጠሁ። ፖስታው ሲከፈት ያንቺ ስም ወጣ። ከሶፊያ የመጡትም ሁለቱ ለዚያው ሰጡ። አንቺን የት ያውቁሻል?»

ቢሊያና በጣቷ ቆጠረች።

«ሦስቱ እንግዲህ እነዚህ ናቸው» አለች ቀስ ብላ። «የቀሩት ሁለቱስ?»

«አንዱ የጥመቃ ባለሙያችን ነው። እሱ ከዘለላ ሌላ አይታየውም።»

«ሌላውስ?»

ወይዘሮ ኤቭዶኪያ ጨርቁን እንደገና አስተካከሉ፤ ጨርቁ ግን መስተካከል አያስፈልገውም ነበር።

«ሌላው ልጄ ነው።»

ከውጭ የአኮርዲዮን ድምፅ ይሰማል። ቢሊያና መጀመሪያ የተሰማት ዕረፍት ነው። ከትከሻዋ ላይ ድንጋይ እንደወረደ ነበር፤ ያሸነፈችው ራሷ ናት፣ በእጇ፣ ያለማንም! ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ከዕረፍቱ ኋላ ሌላ ነገር መጣ፤ የጋለ ነገር።

«ይህን እያወቃችሁ...» አለች፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ሲያማኝ...»

«እኔ ሐሜቱን የሰማሁት በዚህ ሳምንት ነው። እሱ ግን» አሉ እናትየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይናቸውን ሰበሩ፤ «እሱ መቼ እንደሰማ ራሱን ጠይቂው። ማሳው ላይ ነው።»

ቢሊያና ስትወጣ ኮቷን መቆለፍ ረሳች። ብርዱ ደረቷ ላይ ሲገባ አልታወቃትም፤ የነደደው ከውስጥ ነበርና።

* * *

ማሳው በሰው ተሞልቷል። ቄሱ ባርከው ጨርሰዋል። ወንዶቹ በወጉ መሠረት የበዓሉን ንጉሥ መርጠው ከወይን ሐረግ የተጎነጎነ ዘውድ ደፍተውለታል፤ የዘንድሮው ንጉሥ ካሎያን ነበር። ስታኔቭ ከመጽሔቱ ፎቶ አንሺ ጋር መጥቷል። ጌራሲምም አለ፤ ብርጭቆውን ጨብጦ ከሰው ራቅ ብሎ ቆሟል። ቢሊያና በረድፎቹ መሀል ስትመጣ ወሬው ከፊት ከፊቷ እየተቆረጠ ዝም አለ።

ካሎያን ሲያያት ፊቱ በራ። ቀርባ ስትመጣ ግን ደበዘዘ።

«ለማን ነው ድምፅ የሰጠኸው?» አለችው፤ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«እማዬ ነገረችሽ።»

«እኔ ከአንተ አፍ ነው መስማት የምፈልገው።»

«ለጌራሲም» አለ።

«የእኔን ሳታውቀው ነው?»

«ገና ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ አወቅሁት። መስመርሽ ሲታጠፍ ትንሽ ዘግየት ይላል፤ ልክ አንቺ ነገር ልትናገሪ ስትይ እንደምትዘገዪው። ከሺህ መሀል አውቀዋለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «ፈራሁ ቢሊያና። እሱን ከመረጥኩ ‹ለወዳጁ ሰጠ› ይላሉ አልኩ። እናቴ ፊቴን እያየች ነው፣ እንግዶቹ እያዩኝ ነው መሰለኝ። እጄ ወደ ሌላው ሄደ።»

«በጣም የሚያምረው የቱ ነበር?»

«ያንቺ።»

«እያወቅህ ጣልከው።»

«እያወቅሁ።»

ቢሊያና ራሷን ነቀነቀች። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ግን አላስወጣችውም።

«ይህን ይቅር እልህ ነበር። ሰው ነህ፣ ለአንድ አፍታ ፈራህ። ግን ከዚያ ወዲያ? ጌራሲም በየቡና ቤቱ በወሬ አልጋዬን ሲያነጥፍ የት ነበርክ? ሽፋኔን ሲነጥቁኝ የት ነበርክ? አባቴ... አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ! አንዲት ቃል ነበረች በአፍህ። ‹እኔ ተቃውሜያት ነበር› ብትል ወሬው በዚያው ቀን ይሞት ነበር። ሐይቁ ዳር ስጠይቅህ ዳክዬ አየህ!»

«ያን ቃል ካወጣሁ አንቺን የማጣሽ መሰለኝ። ሥራዬን ናቀ ትዪኛለሽ ብዬ...»

«እኔን እንዳታጣ ብለህ የእኔን ስም አሳጣኸኝ!» አለችው። አሁን ድምፏ ከፍ ብሎ ነበር፤ አጠገብ ያሉት ዞሩ። «እኔ ምን አለኝ ካሎያን? መሬት የለኝ፣ ሰገነት የለኝ። ሥራዬ ላይ ስሜ እንኳ አይጻፍም። ያለኝ ነገር እጄ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ነው። እሱንም አንተን ስወድ ጠረጠርኩት። ራሴን ጠረጠርኩ! በመስታወት ፊቴን እያየሁ ‹ይህ ፊት ነው የሠራው ወይስ እጄ?› ስል ከረምኩ። ይህን ነው ያደረግህብኝ።»

ካሎያን ሊነካት እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። እሷ ዞራ መሄድ ጀመረች። ጭቃው ጫማዋን ይይዛታል፤ ያንን እንኳ እንደ ውርደት ቆጠረችው። ይከተለኛል ብላ ፈራች፤ አይከተለኝም ብላም ፈራች።

ያልጠበቀችው ግን ድምፁን ነው።

«ሰዎች!» አለ ካሎያን። «አንዴ ስሙኝ!»

አኮርዲዮኑ ቆመ። ቢሊያናም ቆመች፤ ግን አልዞረችም።

«ይህ አርማ የተመረጠው ስለ እኔ ነው ስትባሉ ከርማችኋል። ውሸት ነው። እኔ ተቃውሜዋለሁ። የማን እንደሆነ አውቄ፣ ከሁሉም እንደሚበልጥ አውቄ፣ እናንተን ፈርቼ ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ይህች ሴት በየቤታችሁ ስትታማ ዝም አልኩ፤ ፈሪ መሆኔን እንዳታውቁ። አሸናፊነቷ የራሷ ነው። ዝምታው የእኔ ነው።» የሐረጉን ዘውድ ከራሱ ላይ አውርዶ አጠገቡ ለቆመው አዛውንት ሰጠው። «ሌላ ንጉሥ ምረጡ።»

ከዳር የሽማግሌው የጌራሲም ድምፅ ተሰማ።

«ለእኔ ነው የሰጠኸው?»

«አዎ ጋሼ። ለእርስዎ።»

ጌራሲም መጀመሪያ ፊቱ ላይ የኩራት ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ የሰማው ሁሉ ቀስ ብሎ ገባው። ያገኛት ያቺ ድምፅ ለሥዕሉ እንዳልነበረች ገባው።

«እንግዲያው እሷም የእኔ አልነበረችም» አለ። ብርጭቆውን ግንዱ ሥር አስቀመጠ። ቢሊያና በዚህ ጊዜ ዞራ አየችው፤ ሲያማትም ሲያስጠላትም የኖረው ሰው ድንገት ያረጀ፣ ብርድ ያንዘፈዘፈው ሰው ሆኖ ታያት። ሽማግሌው ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ያህል መጣ።

«ልጄ፣» አላት፤ ወደ ፊቷ ሳያይ፤ «ጠብታዋ... ጠብታዋን ያሳረፍሽበት ቦታ ጥሩ ነው። ይህን ያኔውኑ አይቼው ነበር።»

«ለሳቁት ሰዎችም ይንገሯቸው ጋሼ» አለችው። ድምፏ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ጭካኔ ግን አልነበረም።

«እነግራቸዋለሁ።»

ወይዘሮ ኤቭዶኪያ ከቤቱ በኩል ዳቦውን ይዘው ደርሰው ኖሮ ሁሉንም ሰምተዋል። ልጃቸውን አላዩትም። እንግዶቹን አዩ።

«አርማው እንዳለ ይቀጥላል፤ ባለቤቲቱ ከፈቀደች» አሉ። «ቅር ያለው ሰው የራሱን ወይን ይትከል። ስታኔቭ፣ አንተ ደግሞ አፍህን ከፍተህ አትቁም፤ እንጀራህ ወሬ አይደለም እንዴ? ይህንንም ጻፈው!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። አኮርዲዮኑ እየተንተባተበ ተነሳ። ሁሉም ዐይን ቢሊያና ላይ ነበር።

«እፈቅዳለሁ» አለች ለእናትየው። ሌላ ምንም አላለችም። መንገዷን ቀጠለች። ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ከረጅም ትኩሳት በኋላ የሚመጣ ድካም ነው።

* * *

አውቶቡስ መቆሚያው ከመንደሩ መውጫ ላይ ነው። ካሎያን ከኋላዋ ደረሰ። አልጠራትም፤ አብሯት ቆመ። ከበዓሉ የሚመለሱ ሰዎች ያልፋሉ፤ ያዩዋቸዋል፤ ይጠቃቀሳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም እርምጃ አልሸሸም።

«እንድትምሪኝ አልለምንሽም» አላት። «የተናገርኩትም እንድትምሪኝ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ብለህ ቢሆን ኖሮ አልሰማህም ነበር።»

«ነገ አባትሽ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ኖርሽም አልኖርሽም።»

ቢሊያና አየችው። ጆሮዎቹን ሳይሆን ዐይኖቹን። ፈርቶ ነበር፤ አሁንም ፈርቷል፤ ይህን ግን አልደበቃትም።

«ያባርርሃል» አለችው።

«ያባሩኝ።»

«ጮኾም ያባርርሃል።»

«ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጎረቤት ሁሉ ይየኝ።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ጎኑ ላይ እሷ የሳለችው መስመር በጭቃ ተሸፍኗል። ወጣች። ከኋላ ባዶ የሁለት ሰው መቀመጫ አግኝታ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጠች። ካሎያን በሩ ሥር እንደቆመ ነው።

«ሰውዬ፣ ትወጣለህ ወይስ እንዲሁ ታፈጣለህ?» አለ ሹፌሩ።

ካሎያን ግን ሹፌሩን አልሰማም፤ እሷን ነበር የሚያየው። ቢሊያና ወደ ውጭ አየች። ቁጣው አልሄደም ነበር። ነገም ይኖራል፤ ምናልባት ከነገ ወዲያም። የተሰበረ ነገር በአንድ ጩኸት አይጠገንም፤ ይህን ታውቃለች። ግን ከቁጣው ሥር ስትፈልግ ያጣችው ነገር ነበረ፤ ያ ሌት ተቀን ሲያብሰለስላት የከረመው ጥርጣሬ ጠፍቶ ነበር። የሚያስቆጣትን ሰው እስከ ጥጉ አውቀዋለሁ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ «አዎ» አላት።

ምንም ሳትናገር ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች፤ የጎኗን ቦታ ለቀቀችለት።